ንጉሥ አላቸው፤ የሚያስተዳድራቸው ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፦ ለካናዳ የዜግነት ፈተና የሚያምታቱ ነገሮች

የካናዳ የዜግነት ፈተና በራሱ ከባድ አይደለም። 20 ጥያቄ ነው፤ 15 የመለሰ ያልፋል። የሚጻፍ ነገር የለውም፤ ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ወይም እውነት/ሐሰት ማለት ብቻ ነው። ጥያቄዎቹም የሚወጡት መንግሥት በነጻ ከሚያድለው አንድ የጥናት መመሪያ ነው። ታዲያ ሰው የሚጨነቀው ለምንድን ነው? መመሪያው በስም፣ በዓመተ ምሕረትና በቦታ የታጨቀ ነው። ብዙ ተፈታኝ ደግሞ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ሊይዘው ይነሣል። በቃል የተያዘ ነገር ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ይጠፋል። ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባው ሰው ግን ዓመቱን ቢረሳ እንኳ ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱን ወዲያው ይጥላል።

ስለዚህ እዚህ የምናብራራው መመሪያውን በሙሉ ሳይሆን የሚያምታቱትን መገጣጠሚያዎች ነው፦ ማን ይነግሣል፣ ማን ያስተዳድራል፣ የትኛው ሥራ የማን ነው፣ አገሩስ እንዴት ቁራጭ በቁራጭ ተሰፋ። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን እንናገራለን።

ስለ አካሄዱ በአጭሩ

የሚፈተኑት ማመልከቻቸውን በፈረሙበት ቀን ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 54 የሆነ ናቸው። 55 የሞላቸው እናትና አባት አይፈተኑም፤ የቋንቋ ማስረጃም አይጠየቁም። ለማመልከት፣ ከፊርማው ቀን በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1,095 ቀን ካናዳ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ከማግኘቱ በፊት በተማሪነት፣ በሥራ ፈቃድ ወይም ጥገኝነቱ ተቀባይነት አግኝቶ የቆየ ሰው እያንዳንዱ ቀን በግማሽ ይታሰብለታል፤ በዚህ መንገድ የሚቆጠረው ግን ከ365 ቀን አይበልጥም። ልክ 1,095 ላይ ሲደርሱ መቸኮል አይበጅም። አንድ የተረሳ የአዲስ አበባ ጉዞ ሒሳቡን ያጎድለውና ማመልከቻው ይወድቃል። ጥቂት ሳምንት ጨምሮ ማስገባት ይሻላል።

ፈተናው በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው። ጥሪው በኢሜይል ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል፤ በነዚህ ቀናት ውስጥ እስከ 3 ጊዜ መሞከር ይቻላል። አንዱ ሙከራ 45 ደቂቃ ነው። ካሜራ ያለው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ያስፈልጋል፤ ፈተናው እየተካሄደ ፎቶ ይነሣል። ስለዚህ አጠገብ ሆኖ መልስ የሚያቀብል ልጅ ወይም ወንድም ከነማመልከቻው ጉድ ሊያመጣ ይችላል። ሦስቱንም ጊዜ ያላለፈ ሰው ከዜግነት ጉዳይ ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ነው፤ ምርጫው የተፈታኙ ነው።

ንጉሡ፣ ወኪሉና መሪው

እጅግ የሚያምታታው ይህ ነው። የካናዳ ርዕሰ ብሔር ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ናቸው። ንጉሡ የሚኖሩት እንግሊዝ አገር ነው። ግን በካናዳ ሕግ ዓይን «የእንግሊዝ ንጉሥ ካናዳን ይገዛሉ» አይባልም፤ የካናዳ ንጉሥ ናቸው፣ ያው ሰው የሌሎች አገሮችም ንጉሥ ሆነው ነው እንጂ። የመንግሥት መሪ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችን ሕገ መንግሥትም ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፣ አገሩን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የካናዳው ልዩነት በፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ ዘውድ መቀመጡ ነው።

ንጉሡ በአካል ስለሌሉ እንደራሴ አላቸው፤ ገቨርነር ጄነራል ይባላል። የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው፣ የሚመርጠው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ነው። በየፕሮቪንሱ፣ ማለትም በየክልሉ፣ ደግሞ ሌፍተናንት ገቨርነር የሚባል የንጉሡ እንደራሴ አለ። ቴሪቶሪ በሚባሉት በሦስቱ የሰሜን ግዛቶች ኮሚሽነር አለ፤ ኮሚሽነሩ የሚወክለው ግን የፌዴራሉን መንግሥት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ወጥመድ አለ። የአገሩ መሪ ፕራይም ሚኒስተር ሲባል የፕሮቪንሱ መሪ ፕረሚየር ይባላል። በአማርኛ ሲያስቡት ሁለቱም «ጠቅላይ ሚኒስትር» ይሆናሉ። ስለዚህ ተርጉሞ ማጥናቱን ትቶ ቃሉን እንዳለ መያዝ ነው የሚሻለው፦ አገሩ ፕራይም ሚኒስተር፣ ፕሮቪንሱና ቴሪቶሪው ፕረሚየር፣ ከተማው ሜየር።

«ፓርላማ» የሚለውም ቃል ያሳስታል። የካናዳ ፓርላማ ሦስት ክፍል አለው፦ ንጉሡ፣ ሴኔቱና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ፣ ማለትም ሀውስ ኦቭ ኮመንስ። ብዙ ሰው ንጉሡን ይረሳል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የነበሩትን ሕግ መወሰኛና ሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች የሚያስታውስ አንባቢ ይህ አይከብደውም። ያኔም በ1955ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መወሰኛው በሹመት፣ መምሪያው በምርጫ ነበር። የካናዳ 105 ሴናተሮችም አይመረጡም፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ገቨርነር ጄነራሉ ይሾማቸዋል፤ 75 ዓመት እስኪሞላቸው ይቀመጣሉ። በምርጫ የሚገቡት ኤምፒዎቹ፣ ማለትም የሀውስ ኦቭ ኮመንስ አባላት፣ ናቸው። ቁጥራቸው ከ2025ቱ ምርጫ ጀምሮ 343 ሆኗል፤ በቆዩ የጥናት ወረቀቶች ላይ 308 ወይም 338 ተብሎ ሊገኝ ይችላል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ የሚመርጠው የለም። ሕዝቡ በሚኖርበት የምርጫ ክልል አንድ ኤምፒ ይመርጣል፤ ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መሪ መንግሥት እንዲመሠርት በገቨርነር ጄነራሉ ይጋበዛል። ፓርቲው ከግማሽ በላይ ወንበር ካለው የአብላጫ፣ ከሌለው የአናሳ መንግሥት ይባላል። የአናሳ መንግሥት ሁልጊዜ አንድ ዓይኑን በተቃዋሚዎቹ ላይ አድርጎ ነው የሚያድረው፤ እንደ በጀት ባለ ትልቅ ጉዳይ ላይ በድምፅ ከተሸነፈ የምክር ቤቱን አመኔታ አጣ ይባላልና አብዛኛውን ጊዜ ምርጫ ይጠራል። ሕጉ ምርጫው በየ4 ዓመቱ በኦክቶበር ሦስተኛ ሰኞ ይሁን ቢልም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀደም ብሎ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል።

አንድ ረቂቅ ሕግ የሚሆነው በ7 ደረጃ ነው። መጀመሪያ ይነበብና ይታተማል። በሁለተኛው ንባብ በመርሑ ላይ ይከራከሩበታል። ሦስተኛ፣ ኮሚቴ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን አንቀጽ ያየዋል። አራተኛ፣ ከኮሚቴው ውጭ ያሉ አባላትም ማሻሻያ ያቀርባሉ። አምስተኛው ሦስተኛ ንባብ ነው፤ ድምፅ ይሰጥበታል። ስድስተኛ፣ ሴኔቱ ተመሳሳዩን መንገድ ይሄድበታል። ሰባተኛ፣ ገቨርነር ጄነራሉ በንጉሡ ስም ያጸድቀዋል። የሚያሳስተው «ሦስተኛ ንባብ» ሦስተኛው ደረጃ አለመሆኑ ነው።

የትኛው ሥራ የማን ነው?

ለፈተናው ብቻ ሳይሆን ለኑሮም የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የወንጀል ሕግ፣ ዜግነት፣ በፕሮቪንሶች መካከል የሚደረግ ንግድ ነው። የፕሮቪንሱ ደግሞ ትምህርት፣ ጤና፣ የተፈጥሮ ሀብት፣ አውራ ጎዳና፣ የንብረትና የውል ጉዳይ። ኢሚግሬሽንና እርሻ የሁለቱም ናቸው። ከተማው በረዶ ይጠርጋል፣ ቆሻሻ ያነሣል፣ እሳት ያጠፋል፣ አውቶቡስ ያሠማራል።

ይህን በኪስ ባለ ካርድ ማስታወስ ይቻላል። የፒአር ካርዱና ፓስፖርቱ የፌዴራል ነው። የጤና ካርዱና መንጃ ፈቃዱ የፕሮቪንስ ነው። የአውቶቡሱ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ነው። ከኦንታሪዮ ወደ አልበርታ የተዛወረ ሰው አዲስ የጤና ካርድና አዲስ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው፣ ፒአሩ ግን እንዳለ የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ከኢትዮጵያ በነርስነት ወይም በምሕንድስና ተመርቆ የመጣ ሰውም ይህን ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል። ቪዛውን የሰጠው ኦታዋ ነው፤ በሙያው እንዲሠራ የሚፈቅድለት ግን በፕሮቪንሱ ያለው የሙያ ተቆጣጣሪ አካል ነው። የኢሚግሬሽን ነጥብ ያስገኘ የዲግሪ ግምገማ የሥራ ፈቃድ አይሆንም።

ፖሊስም እንዲሁ ያደናግራል። አርሲኤምፒ የፌዴራል ፖሊስ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ ፕሮቪንሶች በውል የፕሮቪንስ ፖሊስ ሆኖ ይሠራል። ኦንታሪዮና ኩቤክ የራሳቸው የፕሮቪንስ ፖሊስ አላቸው። የወንጀል ሕጉ በአገሩ ሁሉ አንድ ነው፤ የፍትሐ ብሔሩ ግን በኩቤክ ከፈረንሳይ የወረደው የተጻፈ ሕግ ነው። ለምን እንደሆነ ከታች እንመጣበታለን።

አገሩ እንዴት ተሰፋ

የካናዳን ታሪክ ለመረዳት ካርታውን ዘርግቶ ከውኃው መጀመር ነው። ከአትላንቲክ የሚገባው የሴንት ሎውረንስ ወንዝ መርከብን እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች ድረስ ያደርሳል። ፈረንሳዮች የገቡት በዚህ በር ነው። ዣክ ካርቲየ ከ1534 ጀምሮ ወንዙን ሲያስስ ካናታ የሚል ቃል ሰማ፤ በነባሮቹ ቋንቋ መንደር ማለት ነው፤ የአገሩ ስም ከዚያ መጣ። ሳሙኤል ደ ሻምፕላን በ1608 ኩቤክ ሲቲን ቆረቆረ። የመጡበት ትልቁ ጉዳይ ጸጉር ነው፤ ቢቨር የሚባለው የውኃ እንስሳ ጸጉር በአውሮፓ ለባርኔጣ ይፈለግ ነበርና። እንግሊዞች በፊናቸው በሰሜን በኩል መጡ። በ1670 ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ወደ ሀድሰን ቤይ የሚፈስሰው ውኃ ሁሉ የሚያጠጣውን ምድር የንግድ መብት ለአንድ ኩባንያ፣ ለሀድሰንስ ቤይ ኩባንያ ሰጡ። ስፋቱን ሳያውቁት ነው የሰጡት።

በ1759 እንግሊዞች ከኩቤክ ሲቲ ግድግዳ ውጭ ባለው የአብርሃም ሜዳ ላይ ፈረንሳዮችን አሸነፉ። የሁለቱም ጦር አዛዦች፣ ዎልፍና ሞንካልም፣ በዚያው ውጊያ ሞቱ። ፈረንሳይ ግዛቱን ለቀቀች፤ ሕዝቡ ግን አልሄደም። ለንደንም ፈረንሳይኛ ተናጋሪና ካቶሊክ የሆነ ሕዝብ ይዛ ምን ታድርግ? በደቡብ ያሉት የአሜሪካ ግዛቶቿ ለአመፅ እየተሰናዱ ነበር፤ ሁለት ጠላት እንዳይሆንባት በ1774 የኩቤክ ሕግን አወጣች። ካቶሊኮች ሃይማኖታቸውን ይዘው ሹመት እንዲያገኙ ፈቀደች፤ ለፍትሐ ብሔር የፈረንሳዩን ሕግ መለሰች፤ ለወንጀል የእንግሊዙን አጸናች። ኩቤክ እስከ ዛሬ የተለየ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያላት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የአሜሪካ አብዮት ሲነሣ ለዘውዱ ታማኝ የሆኑ ከ40,000 በላይ ሰዎች ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ሎያሊስት ይባላሉ። ከነሱ ውስጥ 3,000 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ኖቫ ስኮሺያ ሰፈሩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲበዛ ለንደን በ1791 ግዛቱን ለሁለት ከፈለችው፦ ላይኛው ካናዳና ታችኛው ካናዳ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላይኛው ካናዳ የዛሬዋ ኦንታሪዮ ናት፤ በካርታው ላይ ግን ከታችኛው ካናዳ፣ ማለትም ከኩቤክ፣ ዝቅ ብላ ነው የምትታየው። «ላይ» የተባለው ወደ ወንዙ ምንጭ በኩል ስለሆነ ነው። ላይኛው ግብፅ በደቡብ መሆኑን የሚያውቅ፣ ዓባይን ያየ ሰው፣ ይህን አይረሳም።

ከ1812 እስከ 1814 አሜሪካ ወረረች፤ አልያዘችም። በዚያ ጦርነት ከእንግሊዞች ጋር የተሰለፈው የነባሮቹ መሪ ተካምሴ ይባላል። በ1837 እና 1838 በሁለቱም ካናዳዎች አመፅ ተነሣ። ከለንደን የተላከው ሎርድ ደርሃም ሁለቱ ይዋሐዱ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ተጠያቂ የሆነ መንግሥትም ይሰጣቸው አለ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ በእንግሊዞቹ ባህል ይዋጡ ማለቱ ግን እስከ ዛሬ በኩቤክ አይረሳለትም። ሁለቱ ተዋሐዱ፤ ተጠያቂ መንግሥት ግን መጀመሪያ የተገኘው ከነሱ ዘንድ ሳይሆን በ1847 እና 1848 ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ነው።

ወደ 1867 የገፋፋቸው ፍቅር አልነበረም። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በአንድ ምክር ቤት ተፋጥጠው መንግሥት መቆም አቅቶት ነበር። በደቡብ በኩል የእርስ በርስ ጦርነቷን የጨረሰች፣ ብዙ ሠራዊት ያላት አሜሪካ አለች። ባቡር ለመሥራት ደግሞ አንዱ ግዛት ብቻውን ገንዘቡን አይችለውም። በ1864 ሻርለትታውን ላይ፣ ቀጥሎ ኩቤክ ላይ ተሰበሰቡ፤ ጁላይ 1 ቀን 1867 ኦንታሪዮ፣ ኩቤክ፣ ኒው ብረንስዊክና ኖቫ ስኮሺያ አንድ አገር ሆኑ። ጆን ኤ. ማክዶናልድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ወጥመዱ ይኸውላችሁ፦ ሻርለትታውን ያለችው በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ነው፤ ስብሰባውን ያስተናገደችው ደሴት ግን ከአራቱ መሥራቾች ውስጥ የለችም። የገባችው በ1873 ነው፣ የባቡር ዕዳዋ አላስቆም አላስቀምጥ ሲላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልፋት የፈጠረው ያ የሀድሰንስ ቤይ ኩባንያ የያዘው ምድር ነው። ካናዳ በ300,000 ፓውንድ ወሰደችው። በላዩ የሚኖሩትን ግን የጠየቃቸው የለም። በቀይ ወንዝ ዳር የሰፈሩት ሜቲስ፣ የነባሮችና የአውሮፓውያን ዝርያ የሆኑት፣ በሉዊ ሪየል መሪነት በ1869 ተነሡ። ከዚህ ድርድርና ግጭት ማኒቶባ በ1870 ፕሮቪንስ ሆና ወጣች። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1871 ስትገባ የጠየቀችው ዋጋ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ በ10 ዓመት ይገባላችኋል ተባለች።

1885ን ለብቻ ማጥናት ይገባል፤ ብዙ ነገር የተገናኘበት ዓመት ነው። ሪየል ሁለተኛ ጊዜ በሳስካችዋን ተነሣ። ያላለቀው ሐዲድ ወታደር በፍጥነት አድርሶ አመፁ ተደመሰሰ። ኖቬምበር 7 የሐዲዱ የመጨረሻ ችንካር ተመታ፤ ኖቬምበር 16 ሪየል ሪጃይና ላይ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት፣ የተራራውን አደገኛ ክፍል የሠሩት ቻይናውያን ሥራቸው እንዳለቀ በአገሩ ለሚገባ ቻይናዊ የ50 ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ፤ በ1903 ወደ 500 ዶላር አደገ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2006 ነው።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ዩኮን በ1898፣ በወርቅ ሽሚያው ጊዜ፤ አልበርታና ሳስካችዋን በ1905፤ ኒውፋውንድላንድ በሕዝብ ውሳኔ በ1949፤ ኑናቩት ከሰሜን ምዕራብ ቴሪቶሪዎች ምሥራቃዊ ክፍል ተከፍላ በ1999። ኑናቩት በኢንዊቶች ቋንቋ «ምድራችን» ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ፦ ከምሥራቅ ተጀመረ፣ ወደ ምዕራቡ ጫፍ ተዘለለ፣ መሐሉ በ1905 ተሞላ፣ የምሥራቁ ጫፍ በ1949 ተከተለ።

1867 ወይስ 1982?

ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። የ1867ቱ ሕገ መንግሥት የእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ ነበር። ካናዳ ራሷን ብታስተዳድርም ሕገ መንግሥቷን ለማሻሻል ለንደን መሄድ ነበረባት። በኤፕሪል 17 ቀን 1982 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኦታዋ ላይ አዲሱን አዋጅ ፈረሙ፤ ሕገ መንግሥቱ አገሩ ገባ፣ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተርም አብሮት ተጨመረ። ስለዚህ ጥያቄው ስለ አገሩ መመሥረት ከሆነ 1867፣ ስለ ቻርተሩ ከሆነ 1982 ነው። የኩቤክ መንግሥት በ1982ቱ ስምምነት አልተስማማም፤ ሕጉ ግን በኩቤክም ይሠራል። በ1980 እና በ1995 ኩቤክ ስለ መገንጠል ድምፅ ሰጥታ ሁለቱንም ጊዜ «አይሆንም» አሸነፈ፤ በሁለተኛው ከ51 በመቶ ባነሰ ድምፅ ብቻ።

ቻርተሩ መብት ሲዘረዝር መመሪያው ደግሞ ግዴታን ይዘረዝራል፦ ሕግ ማክበር፣ ራስንና ቤተሰብን መርዳት፣ ሲጠሩ በዳኝነት ሸንጎ መቀመጥ፣ መምረጥ፣ ሌላውን መርዳት፣ ተፈጥሮን መጠበቅ። ውትድርና በዝርዝሩ ውስጥ በግዴታነት የለም። መምረጥ ኃላፊነት ነው ቢባልም ያልመረጠ አይቀጣም፤ ለሸንጎ ተጠርቶ የቀረ ግን በሕግ ይጠየቃል።

ሁለቱ ቋንቋዎች በፌዴራል ደረጃ እኩል ናቸው፤ የኦፊሴል ቋንቋዎች ሕግ የወጣው በ1969 ነው። በሕግ ሁለት ቋንቋ ያላት ፕሮቪንስ ግን አንድ ብቻ ናት፣ እሷም ኒው ብረንስዊክ ናት እንጂ ኩቤክ አይደለችም። በነገራችን ላይ፣ የኩቤክ ነገር ለአዲስ አበባም ሩቅ አልነበረም። ከ1945 ጀምሮ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ያስተዳደሩት፣ በ1950 የተከፈተውን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማትና ባልደረቦቻቸው ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ናቸው።

ነባሮቹ ሦስት ናቸው

«የመጀመሪያዎቹ ሕዝቦች» ሲባል ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢንዊትና ሜቲስ ማለት ነው። ፈርስት ኔሽንስ የሁሉም ስም አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ ነው። ኢንዊቶች የአርክቲክ ሰዎች ናቸው፤ ቃሉ «ሰዎች» ማለት ነው። የ1763ቱ የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ አዋጅ የነዚህን ሕዝቦች የመሬት መብት ያወቀ መሠረት ስለሆነ በመመሪያው ውስጥ ተጠቅሷል። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ሕፃናትን ከወላጅ ነጥቀው ቋንቋና ባህላቸውን ለማስጣል የተቋቋሙ ነበሩ፤ ብዙዎች ተሠቃይተዋል፣ የሞቱም አሉ። ፓርላማ ውስጥ ይቅርታ የተጠየቀው በ2008 ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ሴፕቴምበር 30 የእውነትና የዕርቅ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ጦርነቱና የሴቶች ድምፅ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚጠየቀው ቪሚ ነው፤ ኤፕሪል 1917፣ የካናዳ ጦር በሙሉ አንድ ሆኖ የያዘው ኮረብታ። ከሁለተኛው ጁኖ የተባለው የኖርማንዲ ዳርቻ፣ ጁን 6 ቀን 1944። የሞቱት የሚታሰቡት ኖቬምበር 11 ቀን ነው፤ ደረት ላይ የሚደረገው ቀይ አበባ ፖፒ ነው። ሴቶች መጀመሪያ በፕሮቪንስ ምርጫ የመረጡት ማኒቶባ ውስጥ በ1916 ነው፤ በፌዴራል ምርጫ አብዛኞቹ በ1918፤ ኩቤክ የመጨረሻዋ፣ በ1940።

የካርታው ወጥመዶች

ካናዳ 10 ፕሮቪንስና 3 ቴሪቶሪ አላት፤ በአምስት አካባቢ ትከፈላለች፦ አትላንቲክ፣ መካከለኛው፣ ፕሬሪ፣ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሰሜን። «መካከለኛው» የሚባሉት ኦንታሪዮና ኩቤክ ናቸው፤ በካርታ መሐል ስላሉ ሳይሆን ከግማሽ በላይ ሕዝብ የሚኖረው እዚያ ስለሆነ ነው። በመሐል ያለችው ማኒቶባ ከፕሬሪዎቹ ትቆጠራለች።

ዋና ከተሞቹን ሲያጠኑ ትልቁን ከተማ መገመት ያስጥላል። የአገሩ ዋና ከተማ ኦታዋ ናት፤ በ1857 ንግሥት ቪክቶሪያ መረጧት። ቶሮንቶ የኦንታሪዮ ብቻ ናት። የኩቤክ ዋና ከተማ ኩቤክ ሲቲ እንጂ ሞንትሪያል አይደለችም። የአልበርታ ኤድመንተን እንጂ ካልጋሪ አይደለችም። የሳስካችዋን ሪጃይና እንጂ ሳስካቱን አይደለችም። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቪክቶሪያ ናት፤ ይባስ ብሎ ቪክቶሪያ ያለችው ቫንኩቨር በሚባል ደሴት ላይ ሲሆን የቫንኩቨር ከተማ ግን በዋናው ምድር ላይ ናት። ሴንት ጆን ኒው ብረንስዊክ ውስጥ ናት፣ ዋና ከተማው ግን ፍሬደሪክተን ነው፤ ሴንት ጆንስ ደግሞ የኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ዋና ከተማ ናት፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ነው የምትለያቸው። ዊኒፔግ፣ ሃሊፋክስና ሻርለትታውን አያሳስቱም። የቴሪቶሪዎቹ ዋይትሆርስ፣ የሎውናይፍና ኢካሉዊት ናቸው። ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ሚሺጋን ብቻ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ነው። ረጅሙ ተራራ ሎጋን በዩኮን ነው።

ከማጥናት እስከ መሐላ

መመሪያውን ከመንግሥት ድረ ገጽ ብቻ ማውረድ ይገባል፤ በድምፅም አለ፤ መንገድ ላይ ለሚሰማ ሰው ይመቻል። ከጓደኛ የተወረሰ ቅጂ ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ገና በሕይወት ናቸው፤ እሳቸው ያረፉት ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 ነው። የገቨርነር ጄነራሉን፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ የፕረሚየሩን፣ የአካባቢውን ኤምፒና የከተማውን ሜየር ስም ከፈተናው ጥቂት ቀን በፊት አዲስ አድርጎ ማየት ነው፤ እነዚህ በየጊዜው ይለወጣሉ። የፕሮቪንሱን ጉዳይ በተመለከተ ተፈታኙ የሚኖርበትን ማወቅ አለበት፤ አልበርታ ያለ ሰው የኦንታሪዮን ፕረሚየር ቢያጠና ትርፉ ድካም ነው።

ፈተናውን ማለፍ ዜጋ አያደርግም። ዕድሜው 14 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ በሥነ ሥርዓቱ ላይ መሐላ መፈጸም አለበት፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውየው ፒአር ነው፣ ካርዱም ያስፈልገዋል። ካናዳ ጥምር ዜግነትን ትፈቅዳለች። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (በእኛ አቆጣጠር) ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ቤት ወይም ውርስ ያለው ሰው ከመሐላው በፊት ስለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ ስለሚለው፣ ቢጠይቅ ይበጀዋል። መሐላው የሚጀምረው ለንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ፣ ለወራሾቻቸውና ለተተኪዎቻቸው ታማኝ ለመሆን ቃል በመግባት ነው፤ ከጁን 2021 ወዲህ የፈርስት ኔሽንስ፣ የኢንዊትና የሜቲስ የመሬት ውልና መብት በሕገ መንግሥቱ የጸና መሆኑን የሚያውቅ ሐረግ ተጨምሮበታል። በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይባላል፤ ፈረንሳይኛ የማይችል ሰው ከዳኛው ጋር ቃል በቃል እየተከተለ ይደግመዋል።